እንደ ቀስት ወጥቶ እንደ ጭላት የሚወርደው ሮኬት፦ ክንፉ የሚከፈተው እንዴት ነው?

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ጊዲር መጋላ ገበያ ሥጋ የገዛ ሰው ሰማይ ሰማይ ማየት ይለምዳል። ጭላቶቹ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። አንዷ ክንፏን ሰብስባ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ሥጋውን ነጥቃ ስትነሳ ክንፏ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳታራግበው ከግንቡ በላይ ትዞራለች። ወፏ ያቺው ናት። ክንፏ ሲሰበሰብና ሲዘረጋ ግን ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ትመስላለች።

ሰሞኑን ድሬ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮው ላይ አንድ ቀጭን ሮኬት ከብረት ዘንግ ላይ ሽው ብሎ ይወጣል። ላይ ደርሶ ፍጥነቱ ሲያልቅ፣ ከጎኑ ተጣብቀው የነበሩ ሁለት ክንፎች ድንገት ይከፈታሉ። ከዚያ እየዞረ፣ ቀስ እያለ፣ ሣር ላይ ያርፋል።

«አቦ ጋሼ፣ ይሄ ሮኬት ነው አውሮፕላን?» አለኝ።

ታላቅ ወንድሙ ቀደም አለና «ኤዲቲንግ ነው» አለ።

ኤዲቲንግ አይደለም። ሰዎች ይህን ነገር በቤታቸው መሥራት ከጀመሩ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗቸዋል። ውስጡ ኮምፒውተር የለም፣ ሪሞት የለም። ክንፉን የሚከፍተው አንድ ክርና ሁለት ላስቲክ ነው። ለዚህም ነው ቁጭ ብዬ ላስረዳው የወደድኩት።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምን ይባላል?

ሞዴል ሮኬት ማለት ከካርቶን ቱቦ፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ የሚሠራ ትንሽ ሮኬት ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነድ ትንሽ ሞተር ይገጠምለታል። አብዛኞቹ ወጥተው በፓራሹት ይወርዳሉ።

ግላይደር ደግሞ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ወደ ፊት እየሄደ ቀስ በቀስ ከፍታውን ይለቃል። የጭላቷ ዓይነት በረራ ነው።

ሁለቱን አንድ ያደረገው ሮኬት ግላይደር ይባላል። በሮኬት ኃይል ይወጣል፣ በግላይደር ክንፍ ይወርዳል። ቡስት ግላይደር የሚባል ቅርብ ዘመድ አለው። እሱ ከፍታው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ሞተሩን ጥሎ ይቀላል። ሮኬት ግላይደር ግን ምንም አይጥልም። ያለቀውን ሞተር እንደ ታቀፈ አንድ ሆኖ ይመለሳል። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው።

ከሮኬት ግላይደሮች መካከል ክንፉ በመዞሪያ ላይ ተሽከርክሮ የሚከፈተው «ስዊንግ ዊንግ» ይባላል። ሴንጢ አስቡ። ስለቱ እጀታው ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ ሲፈለግ በአንዲት ችንካር ላይ ዞሮ ይወጣል። የዚህ ሮኬት ክንፍም እንደዚያው ከአካሉ ጎን ወደ ኋላ ተኝቶ ይነሳል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ዞሮ ይወጣል።

ክንፉን ዘርግቶ ለምን አይወጣም?

ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ሞክሩት። መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ መዳፋችሁን በትንሹ ቀና አድርጋችሁ ለነፋሱ ስጡት። ነፋሱ እጃችሁን ወደ ላይ ያነሳዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ማንሻው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። ክንፍ ላይ ያለው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል።

አሁን 60 ግራም የሚመዝን ግላይደር እንውሰድ። በሰከንድ 6 ሜትር ሲንሳፈፍ ክንፉ 60 ግራም ይሸከማል። አይወድቅም፣ አይነሳም፣ በልኩ ነው። ይኸው ግላይደር በሮኬት ተገፍቶ በሰከንድ 60 ሜትር ቢሄድስ? ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ሆነ። በክንፉ ላይ ያለው ኃይል መቶ እጥፍ ይሆናል። ክንፉ ነፋሱን በዚያው አንግል ከተቀበለ 6 ኪሎ የሚያህል ኃይል ይመጣበታል። ከፎም ወይም ከቀጭን እንጨት የተሠራ ክንፍ ይህን አይችልም። ከሥሩ ይገነጠላል። ካልተገነጠለም ሮኬቱን ወደ ኋላ ገልብጦ ሰማይ ላይ ክብ ያስይዘዋል፣ ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ወደ መሬት ይመልሰዋል።

ስለዚህ ሲወጣ ክንፍ ጠላት ነው። ሲወርድ ግን ያለ ክንፍ ሕይወት የለውም። አንድ አካል ቀስትም ወፍም መሆን አለበት፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። የዚህ ሥራ ጥበብ ሁሉ ያለው በመሀሉ ባለችው ቅጽበት ላይ ነው።

ክንፉን «ክፈት» የሚለው ማን ነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ባትሪና ሰዓት ይጠብቃል። መልሱ ያለው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው።

ትንሿ ሞተር 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት የካርቶን ቱቦ ናት። ውስጧ ሦስት ነገር በተርታ ተጠቅጥቋል። መጀመሪያ የሚነደው ገፊው ባሩድ ነው። እሱ ሲያልቅ ሁለተኛው ይያያዛል። ይሄኛው አይገፋም፣ እየጨሰ ጊዜ ይቆጥራል። በዚህ መሀል ሮኬቱ በያዘው ፍጥነት መውጣቱን ይቀጥላል። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት የሚተነፍስ ጥቂት ባሩድ አለ። ቦግ ይልና ትኩስ ጋዝ ወደ ቱቦው ውስጥ ይለቃል። በተራ ሮኬት ላይ ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያወጣው ይህ ጋዝ ነው።

በስዊንግ ዊንግ ላይ ግን ጋዙ ክር ያቃጥላል።

ከሞተሩ ፊት ባለው ቱቦ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ይበሳሉ። አንድ ክር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የተጣጠፉትን ሁለት ክንፎች አስሮ የያዘው ይኸው ክር ነው። ክንፎቹን ወደ ፊት የሚስቡ ላስቲኮች ደግሞ ተወጥረው ይጠብቃሉ። ጋዙ ቦግ ሲል ክሩ ይበጠሳል። ላስቲኮቹ ክንፎቹን ይስባሉ። ክንፎቹ መቆሚያቸው ላይ ቀጭ ብለው ይቆማሉ። አለቀ።

ክሩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ የማያውቅ ሐረሬ የለም። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ ክር ብትጠይቁ በየቀለሙ ታገኛላችሁ፣ ግን ብዙው ፖሊስተር ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ውሰዱና በክብሪት ፈትኑት። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ይሸበሸባል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ያ ፍሬ ቀዳዳው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የጥጥ ክር ግን እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ነዶ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይሆናል። የሚፈለገው እሱ ነው።

ያቺ ቅጽበት ብትቀድም ወይም ብትዘገይስ?

ሞተሮቹ ላይ ለምሳሌ «ቢ6-4» የሚል ጽሑፍ አለ። ፊደሏ የጠቅላላ ጉልበቱ መጠን ናት። ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ስንሄድ ጣሪያው በእጥፍ ያድጋል። ቢ ማለት ከ2.5 በላይ እስከ 5 ኒውተን ሰከንድ ነው፣ ግፊቱ በሚነድበት ሰከንድ ተባዝቶ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ 6 ኒውተን። 600 ግራም የሚያህል ዕቃ ከፍ አድርጎ ለመያዝ የሚበቃ ግፊት ማለት ነው። የመጨረሻዋ 4 የመዘግየቱ ሰከንድ ናት።

ግላይደር ላይ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ይህች የመጨረሻ ቁጥር ናት። ቢ6 ነዶ የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሮኬቱ እየቀዘቀዘ ይወጣል። ሮኬቱ ገና እየበረረ መዘግየቱ ካለቀ ክንፉ በፍጥነት ላይ ይከፈትና ይሰበራል። መዘግየቱ ከረዘመ ደግሞ ሮኬቱ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ተገልብጦ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ እየፈጠነ ይወርዳል። ያኔም የሚከፈተው በፍጥነት ላይ ነው። ትክክለኛዋ ጊዜ ከፍታው ጫፍ ላይ፣ መውጣቱ አልቆ መውረዱ ሳይጀምር ናት። ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ አንድ አፍታ ቆም የሚል የሚመስልባት ቦታ።

ግላይደሮች ከተራ ሮኬት ይከብዳሉ፣ ከአየሩም ጋር ብዙ ይታገላሉ። ስለዚህ ጫፋቸው ላይ ቶሎ ይደርሳሉ። ብዙ ጊዜ አጭር መዘግየት የሚመረጥላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱ ክንፍ ቀድሞ ቢከፈትስ?

ይህን ከራሴ ልናገር። የመጀመሪያው የሠራሁት በጎማ የሚተኮስ ነበር፣ ባሩድ የለውም። የግራው ክንፍ ብሎን ከቀኙ ጠብቆ ነበር። ልዩነቱ በእጅ ሲነካ እንኳ አይታወቅም። ላይ ሲደርስ ቀኙ ቶሎ ተከፈተ፣ ግራው ዘገየ። አንድ ክንፍ ሲያነሳ ሌላው ዝም ካለ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንደ ቡሽ መንቀያ እየተሽከረከረ ወረደና ግራር ላይ ተሰካ። ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳላይ አልለቅም። ሁለቱ ላስቲኮች ከአንድ እሽግ፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ርዝመት ይሁኑ። ብሎኖቹ ክንፉ በራሱ ክብደት እንዲዞር ያህል ላላ ይበሉ፣ በዳዶውና በእንጨቱ መሀል ሮንዴላ ይግባ። መቆሚያዎቹ ሁለቱን ክንፎች እኩል አንግል ላይ ያቁሙ፣ ይህንንም በዓይን ሳይሆን በማስመሪያ ከአፍንጫ እስከ እያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ለክቶ ማረጋገጥ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። ትናንት የሠራ ላስቲክ ዛሬ ሊከዳ ይችላል። ሁልጊዜ ከመብረሩ በፊት ቀይሩት።

ክንፉ ሲንቀሳቀስ ሚዛኑ አይዛባም?

ይዛባል። ደግሞም መዛባቱ ይፈለጋል። ይህን ለመረዳት ሁለት ነጥቦችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የክብደት ማዕከል ነው። ሮኬቱን በአንድ ጣት ላይ አስቀምጣችሁ ወዲያም ወዲህም ሳያጋድል የሚቆምበት ቦታ። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው። አየሩ በአካሉ ሁሉ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ተጠቃሎ አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ያህል የሚቆጠርበት ነጥብ። ቀስት ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጫፉ ስለሚከብድ ላባውም ከኋላ ስለሆነ ነው። ክብደቱ ይመራል፣ ግፊቱ ከኋላ ይከተላል። ሮኬትም እንዲሁ ነው። የክብደት ማዕከሉ ከግፊት ማዕከሉ ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት ያህል ቀድሞ መገኘት አለበት።

ይህን ያለ ሒሳብ መፈተን ይቻላል። የክብደት ማዕከሉ ላይ ሲባጎ እሰሩና ሮኬቱን በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት። አፍንጫው ነፋሱን እየሰነጠቀ ከሄደ ደህና ነው። ጅራቱ ከቀደመ ወይም ከተንገዋለለ እንዳትተኩሱት።

የስዊንግ ዊንግ ውበት እዚህ ላይ ነው። ክንፎቹ ወደ ኋላ ሲተኙ ስፋታቸው ሁሉ ወደ ጅራቱ ይሄዳል። የግፊት ማዕከሉም አብሮ ይሸሻል። ሮኬቱ ላባ ያለው ቀስት ይሆናል። ክንፎቹ ሲከፈቱ ግን ስፋቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የግፊት ማዕከሉም ተከትሎ ወደ ክብደቱ ይጠጋል። ግላይደር የሚፈልገው ይህን ነው። ሁለቱ ነጥቦች በጣም ከተራራቁ አፍንጫው ይደፋል፣ ሲቀራረቡ ይንሳፈፋል። አንድ እንቅስቃሴ ሁለቱንም ችግር ይፈታል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ጅራቱ። ግላይደር አፍንጫውን ቀና አድርጎ እንዲሄድ ጠፍጣፋው ጅራት የኋላ ጠርዙ በትንሹ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ሲወጣ ግን ይቺው ትንሽ መነሳት ሮኬቱን ትገለብጠዋለች። ስለዚህ ጅራቱም ሮኬቱ እየወጣ ሳለ ቀጥ ብሎ፣ ክንፉ ሲከፈት ደግሞ ብድግ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ያው ክር ነው።

የመንሳፈፉ ልክ የሚገኘው በእጅ በመወርወር ነው። ክንፉን ክፈቱ፣ ባዶውን ሞተር ቦታው ላይ አድርጉት። የቢ6 ባሩድ 6 ግራም ገደማ ስለሆነ የሞላና የነደደ ሞተር ክብደታቸው አንድ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ከትከሻ ከፍታ ልቀቁት። ቀና ብሎ፣ ቆሞ፣ ተደፍቶ፣ እንደገና ቀና ካለ ጅራቱ ከብዶታል። አፍንጫው ላይ ጥቂት ጭቃ ወይም የሳንቲም ስባሪ ጨምሩ። ቀጥ ብሎ ከተደፋ ቀንሱለት። የክብደት ማዕከሉን ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ባለው ቦታ መጀመር ጥሩ ነው። በመጨረሻ ሽቅብ የቆመውን ጅራት በጣም በትንሹ ወደ አንድ ጎን አጥፉት፣ እንዲዞር። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ግላይደር ሄዶ ይቀራል።

ይህን ሐሳብ ማን አመጣው?

ክንፉን በአየር ላይ እያለ በሰፊ አንግል ወደፊትና ወደ ኋላ የሚያዞር የመጀመሪያው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1951 የበረረው የአሜሪካው ቤል ኤክስ-5 ነው። ከእሱ በኋላ ብዙ መጡ። ለእኛ ቅርቡ ሚግ-23 ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የተጠቀመበት አውሮፕላን ነው። ሚግ-23 ክንፉን በሦስት አንግል ያስቀምጣል፦ በ16፣ በ45 እና በ72 ዲግሪ። ሲነሳና ሲያርፍ ይዘረጋዋል፣ ሲፈጥን ወደ ኋላ ይሰበስበዋል። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፣ ልዩነቱ እዚያ አብራሪ መኖሩ ነው።

ሞዴል ሮኬት ራሱ የተስፋፋው ከአደጋ የተነሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች የሮኬት ነዳጅ በቤታቸው እየቀላቀሉ ይጎዱ ነበር። ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1954 ሞተሩ በባለሙያ የተሠራ ትንሽ ሮኬት አበጀ። ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት መሐንዲስ ሐሳቡን ወስዶ አስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የሞዴል ሮኬት ማኅበር ተቋቋመ። መርሁ ከዚያ ጀምሮ አንድ ነው። ሮኬቱን አንተ ሥራ፣ ሞተሩን ግን በፍጹም አትሥራ።

እኛስ ሞተሩን ከየት እናምጣ?

እውነቱን ልናገር። በየሱቁ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ባሩድ ስላለበት በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይመጣም። ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መተኮስ የሚሞከር ነገር አይደለም። ድሬ ላይ ደግሞ ኤርፖርቱ ከከተማው ጥግ ነው፣ ሰማዩ የብቻችን አይደለም።

ቪዲዮ አይቶ «የክብሪት ጫፍ ፈቅፍቄ ልሙላው» የሚል ልጅ ካለ ዛሬውኑ አስቁሙት። ይህን በልመና ነው የምጽፈው። የክብሪት ጫፍ ተፈቅፍቆ ሲጠቀጠቅ በሰበቃ ብቻ ይነሳል። የሚነሳው ደግሞ እጅ ውስጥ፣ ዓይን ፊት ለፊት ነው። ሞተሩ ያላቸው ሰዎች እንኳ የሚከተሉት ሕግ ጥብቅ ነው። በክብሪት አይለኩሱም፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ትንንሾቹን ሞተሮች ሲተኩሱ ቢያንስ 5 ሜትር ይርቃሉ። አልነሳም ካለ ቁልፉን ነቅለው 60 ሰከንድ ሳይሞላ አይጠጉትም።

ታዲያ ያለ ባሩድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ትምህርቱም አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጂም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ሞዴል ሠሪ ክንፉ ታጥፎ በጎማ የሚተኮስ ግላይደር ይሸጥ ነበር። በፍጥነት ሲወጣ የአየሩ ግፊት ክንፉን አጥፎ ይይዘዋል። ፍጥነቱ ሲወድቅ ላስቲኩ ያሸንፍና ይከፍተዋል። ክርም ባሩድም አያስፈልግም። እንደ ወንጭፍ ነው የሚተኮሰው።

ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ውጭ አገር የሚጠቀሙት ባልሳ የሚባል በጣም ቀላል የደቡብ አሜሪካ እንጨት ነው። እኛ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ የሚታሸግበትን ነጭ ፎም እንጠቀማለን። በስለታም ምላጭ ቀስ ብሎ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ጥሩ ክንፍ ይወጣዋል። አካሉ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይሁን። ክንፎቹ የሚዞሩበት ቦታ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ቪ ፊደልን በትንሹ እንዲመስል መሀሉ ዝቅ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ። እንዲህ ሲሆን ክንፎቹ ሲከፈቱ ጫፎቻቸው ከፍ ይላሉ፣ ግላይደሩ ቢያዘነብልም ራሱን ይመልሳል። መቆሚያዎቹ ስቴኪኒ ናቸው። ላስቲኩ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ነው።

ሙጫ ላይ ተጠንቀቁ። ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ይበላዋል። ስታዩት ክንፉ ላይ ጉድጓድ ይከፈታል። ለፎም አናጢ የሚጠቀመው ቪናቪል ይሻላል። ለመድረቅ አንድ ሌሊት ስጡት።

መተኮሻው ከድሮ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ነው። ከአጭር እንጨት ጋር ይታሰርና በአካሉ ሥር ባለች ጥርስ ላይ ይገባል። መጀመሪያ በትንሹ ሳቡ። ገና ከእጅ ሲወጣ ክንፉ ከተከፈተ ላስቲኩ በዝቷል። ወርዶ መሬት እስኪነካ ካልተከፈተ አንሷል። በሁለቱ መሀል ያለውን እስክታገኙ አሥርና ሃያ ጊዜ ትተኩሳላችሁ። በሰው አቅጣጫ ፈጽሞ አይተኮስም።

የክሩን ነገር ማየት የፈለገ ጠረጴዛ ላይ ያየዋል። ክንፎቹን አጥፎ በጥጥ ክር ማሰር፣ ክሩን ከፎሙ ራቅ አድርጎ መወጠር፣ ትልቅ ሰው ባለበት ክብሪት ማስጠጋት። ክሩ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ አንድ ነጠላ ፈትል ብቻ ይቀራል። ከዚያ ጠብ ይላል። ክንፎቹ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ተከፍተዋል። የጎረቤቴ ልጅ ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ካየ በኋላ ነው ወንድሙን የጠራው።

ድሬ ይሻላል ወይስ ሐረር?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይሳሳል። በዚህ ሐረር የምትጎዳ ይመስላል። ግን ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ድሬ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሞቅና ሐረር ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት ላይ ስትሆን አየራቸው ሊቀራረብ ምንም አይቀረውም። ሁለቱም ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳሉ። በዚህ አየር አንድ ግላይደር ክብደቱን ለመሸከም ከአሥር በመቶ በላይ ጨምሮ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ከውጭ የተገኘ ንድፍ እዚህ ሲሠራ ክብደት መቀነስ ግድ ነው። ከመጠን በላይ ሙጫ መቀባት የመጀመሪያው ጠላት ነው።

እኔ ድሬን የምመርጠው ለጠዋቱ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነፋሱ ዝም ይላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ሰፊና ለስላሳ ማረፊያ ነው። በክረምት ግን አትውረዱበት። እላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደቻቱ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም ነሐሴ ሊገባ ሲል በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከኤርፖርቱ አቅጣጫም መራቅ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ይጀምራል። ፀሐይ አሸዋውንና አስፋልቱን ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር እየተነቀለ ይነሳል። ይህ ወደ ላይ የሚፈስ ሞቃት አየር ቴርማል ይባላል። ጊዲር መጋላ ላይ ያየናት ጭላት ክንፏን ሳታራግብ ከፍ የምትለው በእሱ ነው። ጥሩ ሆኖ የተስተካከለ ግላይደር ቴርማል ውስጥ ከገባ አይወርድም። እየዞረ ይወጣል፣ ነጥብ ይሆናል፣ ከዚያ ከሳቢያን ሰፈር በላይ ይጠፋል። ክንፉ ሥር ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት።